ከመዝጋትሽ በፊት ጽሑፍሽን አውጪ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ላለፉት ስድስት ዓመታት ከሥራ መልስ በአንድ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አጫጭር ጽሑፎች እለጥፋለሁ። የምጽፈው ባንኮኒ ላይ ስለማየው ነገር ነው፦ አንቲባዮቲክ በፍሬ ቆጥረው ስለሚገዙ፣ ያለ ማዘዣ ካልሰጠሽኝ ብለው ስለሚቆጡ፣ ለእናታቸው የታዘዘውን የደም ግፊት ኪኒን እነሱም ስለሚውጡ ሰዎች። ተከታዮቼ 60 ሺህ ደርሰዋል። በቅርቡ የማላውቀው ሰው አንድ ጽሑፌን ወስዶ የብሔር ጉዳይ አደረገው። የስድብ ናዳ ወረደብኝ። ተጠራርተው ሪፖርት አደረጉኝና ገጼ ለሦስት ሳምንት ተዘጋ። ሲከፈት ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ይልቅ ደከመኝ። ራት ቀርቦ እንኳ በልቤ የማስበው ምን እንደምለጥፍ ነው። ባለቤቴ "ዝጊውና ተገላገይ" ይላል። ሪያድ ያለው ወንድሜ "የራስሽን ብሎግ ክፈቺ፣ ዶሜይኑን (የድረ ገጹን አድራሻ) እኔ እገዛልሻለሁ፣ ከዚያ ማንም አይነካሽም" ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ "በዚህ ዘመን ብሎግ ማን ያነባል? ከዚያ ከወጣሽ አለቀልሽ" አለችኝ። ማንን ልስማ? ደግሞስ በስሜ ልጻፍ ወይስ በብዕር ስም?

የባንኮኒዋ፣ ከአዳማ

ውድ እህቴ፣

ሦስት ሰዎች ሦስት ዓይነት ምክር ሰጥተውሻል። አራተኛ ልጨምርብሽ አልፈልግም፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ላስተካክል። መጀመሪያ የጻፍሽውን አውጪ። ቀጥሎ የምታስቀምጪበት የራስሽ ቦታ ይኑርሽ። መዝጋቱን መጨረሻ ላይ እናየዋለን። ተናደሽ የዘጋሽውን ነገር ሲናፍቅሽ መልሰሽ ትከፍቺዋለሽ፤ ያኔ ባለቤትሽ ይስቅብሻል።

ስድቡ እንዳመመሽ ይገባኛል። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ያ ሦስት ሳምንት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የስድስት ዓመት ጽሑፍሽን አንቺ ራስሽ ማየት አትችይም ነበር። ሌላ ቦታ ቅጂ እንዳለሽ አልጻፍሽልኝም። ቢኖርሽ ኖሮ የጭንቀትሽ ግማሹ አይኖርም ነበርና የለሽም ብዬ ልነሳ።

ብዙ ሰው ይህን ነገር ከኪራይ ቤት ጋር ያመሳስለዋል። "በሰው ቤት ነው የምትጽፉት" ይላሉ። ምሳሌው አከራዮችን የሚበድል ይመስለኛል። ክፉ የሚባለው አከራይ እንኳ ልቀቂ ሲልሽ ዕቃሽን ይዘሽ ትወጫለሽ። በሩ ላይ ቆመሽ ትከራከሪዋለሽ፤ ባስ ሲል ሽማግሌ ትልኪበታለሽ። ገጽሽ ሲዘጋ ሽማግሌው ማን ዘንድ ይሄዳል? አቤቱታሽን የሚያነበው ሰው ይሁን ማሽን እንኳ አታውቂም።

ደግሞ ጽሑፍ የሚጠፋው በሪፖርት ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ድርጅቱ ራሱ ይሰለቻል። ጂኦሲቲስ የሚባል ነበር፤ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ እጅግ ብዙ ሰው የግል ገጹን የሠራበት። ያሁ ገዛውና በ2009 ዘጋው። ጉግል ፕላስ በ2019 ሲዘጋ ሰዎች የለጠፉት ሁሉ አብሮ ተሰረዘ። በዚያው ዓመት ማይስፔስ ሰርቨር ሲቀይር ከሦስት ዓመት በላይ የቆየ ፎቶ፣ ቪዲዮና ሙዚቃ እንደጠፋ ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው ለማን ምን እንደሚፈይድ እንጃ።

እዚህ አገር ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለን። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አልከፈት ማለታቸውን አትረሺውም። ወንድምሽ "ብሎግ ከከፈትሽ ማንም አይነካሽም" ማለቱ ግን ፍቅር ነው እንጂ እውነት አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ብሎግስፖት ላይ ያሉ ጦማሮች ኢትዮጵያ ውስጥ ታግደው ነበር። በሰኔ 2010 ዓ.ም. 264 ድረ ገጾች ተከፈቱ ሲባል ብዙዎቻችን ያን ያህል መዘጋቱን ያወቅነው ያኔ ነው። በ2006 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ሲታሰሩም ሲጽፉ የነበረው በራሳቸው ብሎግ ላይ ነው። ማንም የማይዘጋብሽ ኮምፒውተርሽ ላይ ያለውን ፋይልና አንድ ቅጂውን የያዘውን ፍላሽ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የምትሠሪውን ልንገርሽ። የትኛው መድረክ ላይ እንደምትጽፊ አልነገርሽኝም። በፌስቡክ ልንገርሽ፤ ሌሎቹም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ መረጃሽን የምታወርጂበትን ክፍል ፈልጊ። ሁለት የፋይል ዓይነት ያስመርጥሻል፤ ኤችቲኤምኤልና ጄሰን። ኤችቲኤምኤሉን ያዢ። ጄሰኑ ለፕሮግራመሮች የሚሆን ነው፤ ፌስቡክ በሚያዘጋጅበት መንገድ የተነሳ አማርኛው የማይነበብ የላቲን ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው ጽሑፌ ተበላሸ ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶና ቪዲዮውን ተይው፤ የለጠፍሽውን ጽሑፍ ብቻ እዘዢ። ፋይሉ ትንሽ ይሆናል፣ ዳታሽንም አይጨርስም። ተዘጋጅቷል የሚል መልእክት ሲደርስሽ ነገ ዛሬ አትበይ፤ ማውረጃው ከጥቂት ቀን በኋላ ጊዜው ያልፍበታል። ፎቶዎቹን ሌላ ቀን ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ታወርጃለሽ።

ከዚያ አንድ እሑድ ቡናሽን አቅርበሽ አንብቢው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረሽ በተራ። አብዛኛው አይጠቅምሽም። የበዓል መልካም ምኞት አለ፣ ያ ሰሞን ሰው ሁሉ ሲያወራበት የነበረ ዛሬ ግን ምን እንደነበር የማይታወቅ ነገር አለ፣ ለአንድ ተሳዳቢ የተሰጠ መልስ አለ። ያን ዝለዪው። በስድስት ዓመት ውስጥ ዛሬም የሚነበብ 30 ጽሑፍ ካገኘሽ ትልቅ ሀብት ነው። ስትመርጪ ላይኩ ስንት ነበር አትበይ።

አንድ ነገር ልብ በይልኝ። የመጀመሪያ ዓመት ጽሑፎችሽን ከዘንድሮዎቹ ጋር አስተያዪ። እንደምጠረጥረው የቀድሞዎቹ ረጋ ያሉ ናቸው፤ አንድ ሽማግሌ መጥተው እንዲህ አሉኝ ብለው ይጀምራሉ። የዘንድሮዎቹ በቁጣ ይጀምራሉ፣ አጭር ናቸው፣ መጨረሻቸው ላይ "እናንተስ ምን ትላላችሁ?" የሚል አለ። ከተሳሳትኩ ደስ ይለኛል። ካልተሳሳትኩ ግን እንዲህ ያደረገሽ ባሕርይሽ አይደለም። ቁጣ ሼር ይደረጋል፣ ጥያቄ ኮመንት ያመጣል፣ መድረኩም ኮመንት የበዛበትን ወደ ላይ ይገፋል። ሰው ሳያውቀው የሚሸለምበትን ይደጋግማል። ፌስቡክ ላይ የላይክ ቁልፍ የመጣችው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። በጣትሽ ስትገፊው ማለቂያ የሌለውን ገጽ ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. ኤዛ ራስኪን የሚባል ዲዛይነር ነው የፈጠረው፤ ኋላ ላይ እሱ ራሱ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። ራት ላይ በልብሽ ፖስት የምታረቂው ሥርዓት ስላጣሽ እንዳይመስልሽ። ዕቃው የተሠራው ለዚያ ነው።

ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። ግማሹን ልክ ነች። ጠዋት ተነስቶ "እስቲ የሰው ብሎግ ልይ" የሚል ጥቂት ነው። ፈረንጆቹ አርኤስኤስ የሚባል ነገር አላቸው፤ የምትወጃቸው ብሎጎች አዲስ ነገር ሲያወጡ አንድ ቦታ ሰብስቦ ያሳይሻል። ጉግል ሪደር ለዚህ ዋናው መሣሪያ ነበር፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ብዙ ሰው ልምዱን ተወ። እኛ አገር መጀመሪያውኑም በሰፊው አልተለመደም። ስለዚህ ብሎግ ከፍተሽ ዝም ብትዪ ጓደኛሽ ያለችው ይደርሳል፤ አንቺና ወንድምሽ ብቻ ታነቡታላችሁ።

የሳተችው ግን አንባቢን እንደ ተከታይ ብቻ ማሰቧ ነው። እስቲ ልጇ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ያተኮሰውን እናት አስቢያት። ቤት ውስጥ ባለፈው የተረፈ ሽሮፕ አለ። ስልኳን አውጥታ ጉግል ላይ "የተከፈተ አንቲባዮቲክ ሽሮፕ ስንት ቀን ይቆያል" ብላ በአማርኛ ትጽፋለች። ምን ይመጣላታል? ወይ እንግሊዝኛ፣ ወይ ርዕሱ የሚጮህ ውስጡ ባዶ የሆነ ቪዲዮ። አንቺ ይህን ጽፈሽው ይሆናል፤ እንዲያውም እርግጠኛ ነኝ፣ ፋርማሲስት ሆነሽ ይህን ሳትጽፊ ስድስት ዓመት አትቆዪም። ግን መድረኩ ውስጥ ተቀብሯል። እሷ አታገኘውም። አንቺም ፈልጊው ብትባዪ አታገኚውም። ለዚህ ነው ተመሳሳይ ጥያቄ በየወሩ የሚመጣብሽ፣ አንቺም እንደ አዲስ የምትመልሺው።

መድረክ ላይ የለጠፍሽው ነገር በሁለት ቀን ያረጃል። ብሎግ ላይ ያስቀመጥሽው ለፈላጊው እዚያው ይጠብቀዋል። የሚሰጥሽ ዕድሜ ነው እንጂ ሕዝብ አይደለም። ሕዝብ ከፈለግሽ አትውጪ፤ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምልሽ። 60 ሺህ ሰው የሚያይሽ መሆኑ የሚያስደስትሽ ከሆነ ብሎግ ያስከፋሻል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ከዚያ ሁሉ ሰው 200 ቢከተልሽ ተመስገን በይ።

ከነዚህ 200 ጋር የሚያገናኝሽ ቴሌግራም ነው። የአርኤስኤስን ሥራ እኛ ጋ የሚሠራው እሱ ነው። ቻናል ክፈቺ፣ አዲስ ጽሑፍ ስታወጪ ርዕሱንና የመጀመሪያውን አንቀጽ ከሊንኩ ጋር አድርጊ፣ በቃ። ሙሉውን ቻናሉ ላይ አትለጥፊ፤ ያኔ ቻናሉ ብሎግሽ ይሆንና ወደ መጀመሪያው ትመለሻለሽ። አሁን ያለሽበት ገጽ ላይም ለጊዜው እንደዚሁ አድርጊ። መድረኮቹ ሰውን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ሊንክ አይወዱም፤ የሚያየው ሰው በግማሽ ቢቀንስ እንዳትደነግጪ።

ስለ አማርኛ ፍለጋ አንድ የማይቀር ጣጣ አለ። አንዱ መድኃኒት፣ ሌላው መድሃኒት፣ ሦስተኛው መድሀኒት ብሎ ይፈልጋል። ርዕሱን እንደ ሥርዓቱ ጻፊው። ውስጥ ግን ሰው እንደሚጽፈው አድርገሽ አንድ ሁለት ቦታ ጣል አድርጊ፤ የአማርኛ መምህራን ይቅር ይበሉን። ርዕስሽም ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ይሁን። "አንዳንድ ነገሮች ስለ አንቲባዮቲክ" የሚል ርዕስ ማንም አይፈልግም።

ጽሑፍሽን ደግሞ አበባና ሰማይ ያለበት ፎቶ ላይ አትጻፊ። ይህን ልማድ ማን እንዳመጣብን አላውቅም፤ ስንት ጥሩ ጽሑፍ በልቷል። ፎቶ ላይ ያለ ፊደል በፍለጋ ለመገኘት ይቸገራል፣ ኮፒ ማድረግ ይከብዳል፣ ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት ጽሑፍ አንባቢ ሶፍትዌርም ይቸገርበታል። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ሥርዓት ውስጥ አለ። ከዚያ በፊት በየፎንቱ ስንጽፍ የነበረው አማርኛ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ነው የሚሆነው። ዛሬ ስልክሽ ላይ የምትጽፊው ዩኒኮድ ነው፤ እንዳለ አስቀምጪው።

የት ይከፈት? በነፃ ከሚገኙት ብሎገርና ዎርድፕረስ ይበቁሻል። ብሎገር ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጉግል ነው። ዎርድፕረስ የመጣው በዚያው በ2003 ነው። "እነሱም የሰው አይደሉም ወይ?" ብትዪኝ፣ ናቸው። ልዩነቱ ሁለቱም የጻፍሽውን በሙሉ በአንድ ፋይል አውጥተሽ ወደ ሌላ እንድትወስጂ ይፈቅዳሉ። እኔ ቦታ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው መውጫውን ነው። የራስሽ ዶሜይን ደግሞ ካለሽ ነገ ቦታ ብትቀይሪ እንኳ አድራሻው አይቀየርም፤ አንባቢሽ ያንኑ ስም ጽፎ ያገኝሻል። የወንድምሽ ሐሳብ ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መጻሕፍታቸውን የሚያትሙበት ጎሐ ጽባሕ የሚባል የራሳቸው ማተሚያ ቤት ነበራቸው። ያኔ የራስን ጽሑፍ በራስ ማተሚያ ማውጣት የባለሥልጣንና የባለሀብት አቅም ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ዶሜይን በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ነው። ገንዘቡ ሳይሆን ዶላሩ ነው የሚያስቸግረን። ስለዚህ ወንድምሽ ይክፈል፣ እሰየው። ግን የሚመዘገበው በአንቺ ስምና በአንቺ ኢሜይል ይሁን፤ ፓስዎርዱም አንቺ ጋ ይኑር። እሱን ስለማላምነው አይደለም። ሰው ሥራ ይቀይራል፣ ካርዱ ይቃጠላል፣ የማሳደሻው መልእክት እሱ በማይከፍተው ኢሜይል ይመጣል። ዶሜይን በጊዜው ካልታደሰ ጥቂት ጊዜ ይጠበቅና ከዚያ ለፈለገ ሰው ይሸጣል። የሚያበቃበትን ቀን ጽፈሽ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊው፣ ከወር በፊትም በኢሞ ደውዪለት። ከቻላችሁ የሁለት ሦስት ዓመት አንድ ላይ ክፈሉ።

ብሎጉን ስትሠሪ አታሳምሪው። አንባቢሽ በስልክ ነው የሚከፍተው፣ ዳታውም በገንዘቡ ነው። ነጭ ገጽ፣ ትልቅ ፊደል፣ ጽሑፍ። ፎቶ የግድ ካልሆነ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ የተጻፈበት ቀን ይኑር፤ የመድኃኒት ነገር ይለወጣልና ያረጀውን በየጊዜው ተመልሰሽ አርሚ። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባል ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድረ ገጾችን ቀድቶ የሚያስቀምጥ ተቋም አለ፤ ዌይባክ ማሽኑ ላይ የጽሑፍሽን አድራሻ ካስገባሽ ቅጂ ያስቀምጥልሻል። ነፃ ነው።

ኮመንቱን ዝጊው። አፈነች ይሉሻል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ በይ። ጥያቄ ያለው ሰው ኢሜይል ይጻፍልሽ። ኢሜይል ጽፎ ለመሳደብ ትንሽ ድካም አለው፣ ያቺ ትንሽ ድካም ደግሞ ብዙውን ሰው ታስቀረዋለች። ጥሩ ጥያቄ ከመጣ ለሚቀጥለው ጽሑፍ ርዕስ ይሆንሻል።

የጎብኚ ቁጥር የሚያሳየውን ገጽ ግን አደራሽን አትልመጂው። ብሎገርም ዎርድፕረስም ያሳያሉ፣ በየሰዓቱ ማየትም ይቻላል። ያን ከጀመርሽ ላይኩን በሌላ ስም አመጣሽው ማለት ነው። እንደዚሁ ከአንዱ ወጥተው ማታ ማታ ቲክቶክ ላይ የሚያድሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ከድጡ ወደ ማጡ።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ ኮስተር ልበል። መድረክ ላይ "አንዲት ነፍሰ ጡር መጥታ" ብለሽ የጻፍሽው በሁለት ቀን ይረሳ ነበር። ብሎግ ላይ በሦስተኛው ዓመትም ይገኛል። አዳማ ትልቅ ከተማ ብትሆንም ሰፈር ሰፈር ነው፤ ሴትዮዋ ራሷን ልታውቅ፣ አማቷም ልታውቃት ትችላለች። ስለዚህ የምታወጫቸውን 30 ጽሑፎች እንደገና ስታነቢ ዕድሜውን፣ ሰፈሩን፣ የመጣበትን ቀን፣ ካስፈለገም ጾታውን ቀይሪ። ታሪኩ የሚቆመው በበሽተኛው ማንነት ብቻ ከሆነ ይቅር። ሌላው ሕግ ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ፌስቡክ ላይ ብቻ የሚሠራ አይደለም። አንቺ የምትጽፊው ነገር እዚያ እንደማያደርስሽ አውቃለሁ፤ ግን "ብሎግ የራሴ ነው፣ የፈለግኩትን እላለሁ" የሚል ሰው ሲያጋጥምሽ አትከተዪው።

አሁን ባለቤትሽ። ስለ ራቱ ልክ ነው፤ ተከራክረሽ አታሸንፊውም፣ አትሞክሪም። የማሳወቂያውን ድምፅ ዛሬውኑ አጥፊ፣ ስልኩም በራት ሰዓት ሌላ ክፍል ይዋል። ለዚህ ምንም መዝጋት አያስፈልግም። "ዝጊው" ያለውን ግን ቢያንስ ሁለት ወር አቆዪው። ጽሑፎችሽን አውርደሽ፣ የመረጥሻቸውን ብሎጉ ላይ አስቀምጠሽ፣ ቻናሉን ለተከታዮችሽ አሳውቀሽ ከጨረስሽ በኋላ ገጹን በጊዜያዊነት አቦዝኚው። ፌስቡክ ላይ ይህ ከመሰረዝ የተለየ ነው፤ ስትፈልጊ ተመልሰሽ ትገቢያለሽ። መሰረዝ ከመረጥሽ 30 ቀን የማሰቢያ ጊዜ ይሰጥሻል፤ በዚያ ውስጥ ከገባሽ ይቀራል፣ ካለፈ አለፈ። በቦዘነበት ወር ምን እንደሚናፍቅሽ አስተውዪ። ሰዎች ከናፈቁሽ በስም ቁጠሪያቸውና ስልክ ደውዪላቸው። ሕዝቡ ከናፈቀሽ ተመለሺ፤ ግን ጽሑፍሽ ቤቱ አለና እንደበፊቱ አትጨነቂም። ምንም ካልናፈቀሽ ሰርዢው።

የመጨረሻ ጥያቄሽ ስም ነው። እኔ በስምሽ ጻፊ እላለሁ። ስለ መድኃኒት የሚያነብ ሰው ማን እንደጻፈው፣ የተማረ ሰው ይሁን አይሁን ማወቅ አለበት፤ በሌሊት ልጇ ያተኮሰባት እናት "የባንኮኒዋ" በሚል ስም ብታምንሽ ሌላ ቀን ማንንም ታምናለች። ስምሽንና ሙያሽን ጻፊ። የምትሠሪበትን መድኃኒት ቤት ስምና ሰፈሩን ግን አታንሺ። አሠሪሽንም አስቀድመሽ አነጋግሪ፤ ከሰው አፍ ከሚሰማ ካንቺ ይስማ። እምቢ ካለ ያኔ የብዕር ስም ይኑርሽ፤ ፋርማሲስት መሆንሽን ግን ከስሙ ሥር ጻፊ።

በመጀመሪያ የሽሮፑን ጽሑፍ አውጪ። የክረምቱ ጉንፋን ሳይመጣ ቢደርስ ጥሩ ነው።